በወሎ የአኳሪየም ውድድር ቢጀመር ከራሳችን ውኃ ይጀምር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴና በኮምቦልቻ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ዓሣ ከማኖር አልፈው፣ እጽዋት እየተከሉ፣ ድንጋይና የዛፍ ሥር እያቀናጁ፣ አንድን መልክዓ ምድር በውኃ ውስጥ የሚሠሩ ወጣቶች እየበረከቱ መምጣታቸውን በቅርብ የምከታተል የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከእነርሱ መካከል ጥቂቶቹ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሲሆኑ፣ ሥራቸውን ፎቶግራፍ አንሥተው ወደ ውጭ አገር የአኳስኬፒንግ ውድድሮች ለመላክ በመዘጋጀት ላይ የሚገኙም አሉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እንዲህ ያለው ውድድር በወሎም እንዲጀመር፣ ሲጀመርም የሎጎ ሐይቅን፣ የሐርዲቦንና የቦርከናን ውኃዎች መነሻው እንዲያደርግ በጋዜጣችሁ በኩል ሐሳብ ለማቅረብ ነው።

ይህ ሙያ ዛሬ በዓለም የሚታወቅበትን መልክ እንዲይዝ ትልቁን ድርሻ ያበረከቱት ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 ተወልደው በ2015 ያረፉት አማኖ፣ በ1982 የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው ለአኳሪየም እጽዋት የሚስማማ አፈር፣ መብራትና የጋዝ መስጫ መሣሪያ ሲያቀርቡ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ድርጅታቸው በየዓመቱ የሚያካሂደው ዓለም አቀፍ ውድድርም ከ2,000 በላይ ሥራዎች የቀረቡባቸውን ዓመታት አሳልፏል። በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመት በሊዝበን ከተማ የሠሩት 40 ሜትር ርዝመት ያለውና 160,000 ሊትር ውኃ የሚይዘው ግዙፍ አኳሪየም ለሕዝብ ተከፍቷል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ አብልጬ የማስበው አማኖ የተወለዱበትን የኒጋታን አካባቢና በአቅራቢያው ያለውን የሳዶ ደሴት ደን ለዓመታት በካሜራ እያጠኑ መኖራቸውን ነው። ወደ አማዞንና ወደ ቦርኒዮ ደኖችም ዘልቀዋል፤ ይሁን እንጂ ድንጋይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሣር ከድንጋይ ሥር እንዴት እንደሚወጣ ያስተማራቸው የገዛ አገራቸው ምድር ነበር።

የእኛ ወጣቶች ሥራዎች ላይ የማየው ከዚህ የተለየ ነው። በውድድር ካሸነፈ ፎቶግራፍ ላይ የጃፓን ተራራ ወይም የቦርኒዮ ጫካ ይወሰድና፣ እዚህ የማይገኝ ድንጋይና የማይበቅል ተክል በብዙ ወጪ ተፈልጎ ይገለበጣል። ልጆቹ ትጉሃን መሆናቸውን እመሰክራለሁ፤ እጃቸውም የሠለጠነ ነው። ነገር ግን ዳኞቹ የዚያን መልክዓ ምድር መነሻ ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት በመሆናቸው፣ ከደሴ የተላከ የጃፓን ተራራ በእነርሱ ፊት ምን አዲስ ነገር ሊያሳይ እንደሚችል አይታየኝም። ከአዝዋ ገደል ሥር ያደገ ልጅ ግን የገደልን ቁመት፣ የጭጋግን አወራረድ፣ ከደጋው ወደ አፋር ቆላ ደረጃ በደረጃ የሚወርደውን ምድር ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ድንጋይ ደግሞ በእጃችን ነው። የወሎ ተራሮች በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ቅልጥ ዐለት የተሠሩ የባዛልት ድንጋዮች ናቸው። ባዛልት በውኃ ውስጥ ሲቀመጥ ኖራ ስለማይለቅ የውኃውን ጠባይ አይለውጥም፤ በውድድሮች ላይ በውበቱ የሚመረጠው ሴርዩ የተባለው ድንጋይ ግን ኖራ ያለው በመሆኑ የውኃውን ጠባይ እየለወጠ ይሄዳል። ከወንዝ ዳር የተለቀመን ድንጋይ ለመለየት ደረቁ ድንጋይ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ በቂ ነው፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት ማለት ነው። ለእንጨቱ የደረቀ የወይራ ሥር ጠንካራና ቶሎ የማይበሰብስ ሲሆን፣ ጽድ ግን ሙጫና ዘይት ስላለው እንዲቀር እመክራለሁ። ሥሩ ቀለሙን እንዲለቅና እንዲጸዳ መቀቀል አለበት፤ በደሴ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ከተጻፈው መመሪያ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

ስለ አቀማመጡ ብዙ ደንቦች አሉ፤ እኔ በተማሪዎቼ ዘንድ ፍሬ ሲያፈሩ ያየኋቸውን ብቻ ላንሣ። ኢዋጉሚ በሚባለው የጃፓን የድንጋይ አደራደር አንድ ዋና ድንጋይ ይኖርና ሌሎቹ ወደ እርሱ ያዘነብላሉ፤ የድንጋዮቹም ቁጥር ጎዶሎ ይሆናል። ዋናው ድንጋይ በመሐል አይቀመጥም፤ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ገንዳ ከአንዱ ጫፍ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ዓይን ያርፍበታል። የድንጋዮቹ ንብርብር መሥመር ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ካልሄደ፣ በአንድ ምድር ኃይል የተገፋ ዐለት መሆኑ ቀርቶ ከየቦታው የተለቀመ ክምር ይመስላል። ጠጠሩ ከፊት ጎላ ያለ፣ ከኋላ ደቃቅ ሲሆን፣ እጽዋቱም ከፊት ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው፣ ከኋላ ደቃቅ ቅጠል ያላቸው ሲሆኑ፣ 45 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ያለው ገንዳ ከጦሳ ተራራ ላይ ሆኖ ቁልቁል እንደማየት ያለ ርቀት ይፈጥራል።

ከውጭ በሚገኙ መመሪያዎች ውስጥ ስለማይገኝ፣ ከፍታችን በዚህ ሥራ ላይ ስላለው ተጽዕኖ በሰፊው ልጻፍ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ሙቀት ላይ ያለ ውኃ ከአየር ተቀብሎ ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። በ60 ሊትር ገንዳ ውስጥ 20 ትናንሽ ዓሣ ይኖራል የሚል መመሪያ እዚህ ሲሠራበት፣ ሌሊት እጽዋቱ ራሳቸው ኦክስጅን በሚተነፍሱበት ሰዓት ዓሦቹ ሊጨነቁ ይችላሉ። ስለዚህም የዓሣውን ቁጥር መቀነስና የውኃውን ገጽ የሚያንቀሳቅስ ፍሰት መጠበቅ ግድ ይላል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድም የራሱ ጣጣ አለው። ለውድድር የሚቀርቡ ብዙ ሥራዎች፣ በተለይ ምንጣፍ መሳይ ደቃቅ እጽዋት ያሉባቸው፣ በአንድ ሊትር ውኃ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ግራም የሚደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣቸዋል። ይህን በሲሊንደር ማግኘት ውድ በመሆኑ ወጣቶቻችን ስኳርና እርሾ በጠርሙስ አዘጋጅተው ጋዙን በቀጭን ቱቦ ወደ ውኃው ያስገባሉ። ብልኃቱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሲሊንደር መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ሊዘጋ ሲችል እርሾ ግን ሌሊቱን ሙሉ መሥራቱን አያቆምም። ኦክስጅን በሚያንስበት በእኛ ከፍታ ደግሞ ይህ ጋዝ እስከ ንጋት ሲጠራቀም ዓሣ ይገድላል። ማታ ማታ ቱቦውን ከውኃው አውጥቶ ወደ ውጭ መልቀቅ ቀላል መፍትሔ ነው፤ ጠርሙሱን መክደን ግን እንዲፈነዳ ስለሚያደርገው ፈጽሞ አይገባም።

የሌሊቱ ብርድም አለ። ያለ ማሞቂያ የሚቀመጥ ገንዳ በጥቅምትና በኅዳር ከቆላ አገር ለመጡ ዓሦች የማይስማማ ቅዝቃዜ ላይ ይደርሳል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሞቂያውም ማጣሪያውም አብረው ይቆማሉ። በማጣሪያው ውስጥ ያሉት የዓሣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን የያዘ ውኃ ለሰዓታት ሳያልፍባቸው ሲቀር መሞት ይጀምራሉ። በብዙ እጽዋት የተሞላና ጥቂት ዓሣ ያለው ገንዳ ግን እጽዋቱ ራሳቸው አሞኒያውን ስለሚመገቡት መቋረጡን የተሻለ ይቋቋማል። እንደ ሴራቶፊለምና ፖታሞጌተን ያሉ በኢትዮጵያ ውኃዎች የሚበቅሉ እጽዋት ቀዝቀዝ ያለ ውኃ የማይጎዳቸው፣ ተጨማሪ ጋዝም የማይሹ ናቸው። በደጋ ወንዞቻችን ድንጋይ ላይ ተጣብቀው አልጌ የሚመገቡት ጋራ የተባሉት ትናንሽ ዓሦችም እንዲሁ። እንግዲህ የአገራችንን ውኃ በገንዳ ለማሳየት የሚነሣ ሰው ከማሞቂያና ከሲሊንደር ወጪ ይድናል፤ ልጆቹ የሚቸገሩበት ዋናው ነገር ገንዘብ ስለሆነ ይህን ቀላል ጥቅም አድርጌ አላየውም።

በውድድሩ ዓለምም ለዚህ ዓይነት ሥራ ስፍራ አለው። በአሜሪካ የተመሠረተው የአኳሪየም እጽዋት አልሚዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሚያካሂደው ዓለም አቀፍ ውድድር ውስጥ ባዮቶፕ የሚባል የራሱ ዘርፍ ያለው ሲሆን፣ በዚህ ዘርፍ የሚወዳደር ሰው አንድን እውነተኛ የውኃ አካባቢ መርጦ፣ በዚያ የሚገኘውን ድንጋይ፣ ተክልና ዓሣ በገንዳው ያሳያል፤ ስለ ቦታውም ማብራሪያ ይጽፋል። ከሐርዲቦ ወደ ሎጎ ሐይቅ ቁልቁል የሚወርደውን ጅረት፣ ወይም የቦርከናን ላይኛ ክፍል ከወሎ ልጅ የተሻለ ማን ሊገልጸው ይችላል?

አሁን ወደ ራሳችን ውድድር ልመለስ። ከዚህ ቀደም በከተማችን በተዘጋጀ አንድ ባዛር ላይ አኳሪየሞች ለሽልማት ቀርበው ነበር፤ ሽልማቱም በፕላስቲክ ቅጠልና በቀለም በተነከረ ጠጠር ለተሞላው፣ በመጠኑ ለሚበልጠው ገንዳ ተሰጠ። በአጠገቡ የነበረው፣ አንዲት ወጣት ከጥቂት የባዛልት ድንጋዮችና ከአንድ ዓይነት ተክል ብቻ የሠራችው ትንሽ ገንዳ ማንም ሳያስተውለው ቀረ። ዳኞቹ ክፉ ሰዎች ስለነበሩ አይደለም፤ የሚመዝኑበት ደንብ ስላልተሰጣቸው ነው። ስለዚህ ውድድር ሲታሰብ አስቀድሞ መመዘኛው ተጽፎ ይታወቅ። በጃፓኑ ውድድር ከሚታዩት ነጥቦች መካከል ገንዳው ለዓሦቹ ተፈጥሯዊ መኖሪያ መሆኑ፣ የሠሪው የራሱ ፈጠራ መሆኑና ለረጅም ጊዜ ሊኖር መቻሉ ይገኙባቸዋል፤ እነዚህን እንዳሉ ብንወስዳቸው አንጎዳም።

አዳኛኘቱን በተመለከተ ግን ከጃፓን ይልቅ የኔዘርላንድን ልማድ እመርጣለሁ። የጃፓኑ ውድድር የሚዳኘው በፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፍ ለዓለም አቀፍ ውድድር የግድ ቢሆንም፣ አንድን ገንዳ በአንዲት ቅጽበት፣ ቅጠሉ በተከረከመ ሰሞን፣ ማጣሪያው ተወስዶ፣ ከኋላው ብርሃን ተደርጎ ያሳያል፤ በማግሥቱ ምን እንደሆነ አይናገርም። ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድንጋይና እንጨት እምብዛም ሳይጠቀሙ እጽዋትን በመደዳና በደረጃ የመትከልን ስልት ያዳበሩት የኔዘርላንድ ማኅበራት ግን ዳኞቻቸውን ወደ ተወዳዳሪው ቤት ይልካሉ። ዳኛው ገንዳውን በቆመበት ያየዋል፤ የዓሣውን ጤንነት፣ የውኃውን ጠባይ ይመረምራል፤ ባለቤቱንም ይጠይቃል። ለእኛ ይህ በብዙ መንገድ ይስማማል። ውኃ የሞላ ገንዳ በደሴ ዳገትና ቁልቁለት መኪና ላይ ተጭኖ መሄድ አይችልም፤ ጥሩ ካሜራ የሌለው ልጅም ካሜራ ካለው እኩል ይታያል። የጎረቤት ልጆች ከዳኞቹ ኋላ ተከትለው ገብተው የሚያዩት፣ የቤቱ እናት ቡና አፍልተው እንግዳ የሚቀበሉበት ውድድር በወሎ ባህል ውስጥ ያለ እንግድነት ይኖራል። ዳኞቹ አንድ ጊዜ በቀጠሮ፣ ከወር በኋላ ደግሞ ያለ ቀጠሮ ቢመጡ የገንዳው እውነተኛ ሁኔታ ይታወቃል።

በውድድሩ ደንብ ውስጥ ያለ ምንም ድርድር እንዲገባ የምጠይቀው አንድ አንቀጽ አለ፤ እርሱም ማንኛውም ተወዳዳሪ ከገንዳው የወጣ ተክል፣ ዓሣም ሆነ ቀንድ አውጣ ወደ ወንዝ፣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ቦይ እንዳይጥል የሚከለክለው ነው። የደሴ ፍሳሾች ወደ ቦርከና ይገባሉ፤ ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ አቋርጦ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በገንዳ ጥግ የበቀለች አንዲት ተንሳፋፊ ቅጠል ክረምት ላይ ከደሴ ቦይ ብትጣል የት እንደምትደርስ ከዚህ መገመት ይቻላል። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ በብዙ አገሮች የተዛመተውም ሰዎች አበባውን ወደው ለጌጥ ከቦታ ቦታ ስለወሰዱት ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብ ታየ፤ በ2011 ደግሞ በጣና ላይ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ የጣና ገበሬና ዓሣ አጥማጅ በእጁ እየነቀለ ሲደክም ያላየ የለም።

ሎጎ ሐይቅ ከጣናም የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻበት ምክንያት አለ። ጣና በዓባይ በኩል ውኃው ይወጣል፤ በተሁለደሬ ወረዳ ያለው የእኛ ሐይቅ ግን ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም። አኳሪየም ያለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ በእጁ ያውቀዋል፤ በገንዳው ውስጥ የገባ ሁሉ እዚያው ይከማቻል፤ ስለዚህም በየሳምንቱ ከውኃው ሢሶውን ወይም ግማሹን እየቀዳ ያወጣና በአዲስ ይተካል። የሐይቁን ውኃ ማን ሊቀይረው ይችላል? በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሐይቁን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ያገኙት ውኃ እጅግ የጠራ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ ዓሣ ከገባበት በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ግን ደቃቅ አልጌዎች በዝተው፣ ውኃው አረንጓዴ ሆኖ፣ ጥራቱም በብዙ ቀንሶ ተገኝቷል፤ የዓሣው መግባት ለዚህ አስተዋጽኦ ሳያደርግ እንዳልቀረም ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ዓሣው ለአካባቢው ሕዝብ ምግብና ገቢ መሆኑን አልዘነጋም፤ ያስገቡትም ለበጎ ብለው ነበር። እኔ የምለው አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርትን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ይህ ውኃ፣ አንድ ጊዜ የገባበትን ነገር መልሶ ማውጣት የማይችል መሆኑን የአኳሪየም ወዳጆች ከማንም ቀድመን ልናውቅ ይገባናል ነው።

ስለዚህ የተከረከመ ተክል ሁሉ በፀሐይ ደርቆ ይቃጠል፤ ከገንዳ የወጣ ውኃ የጓሮ አትክልት ይጠጣ፤ በውስጡ ያለው ናይትሬት ለጎመንና ለቃሪያ ማዳበሪያ ነው። ከሐይቅና ከወንዝ ዳር ተክል ወይም ዓሣ መውሰድ የሚፈልግ ተወዳዳሪም ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ጥቂት ቅርንጫፎች ወስዶ በቤቱ አራብቶ ለሌሎች ቢያካፍል፣ ሁሉም ወደ ሐይቁ ዳር መውረድ አያስፈልገውም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ የሚችለው ብዙ ነው። መምህራኑ እጽዋቱን በስማቸው ለይተው ቢያሳውቁ፣ የውኃውን መለኪያ ቢያውሱ፣ ከዳኞቹም መካከል አንዱ የእነርሱ ሰው ቢሆን ለውድድሩ ትልቅ ክብደት ይሰጠዋል። የከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደግሞ የአሸናፊዎቹን ገንዳዎች ፎቶግራፍ ከሐይቁና ከወንዞቹ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ለሕዝብ ቢያሳይ፣ ሽልማቱ የገንዘብ ባይሆን እንኳ ልጆቹ እንደማይከፋቸው አውቃለሁ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ አዲስ የተተከለ ገንዳ ባክቴሪያዎቹ እስኪደራጁ ከአንድ ወር በላይ፣ እጽዋቱ ሥር ሰድደው መልክ እስኪይዙ ደግሞ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ በደሴ ብርድ ይህም ሊዘገይ ይችላል። ከመስቀል በኋላ ምዝገባው ቢጀመርና ተከላው እስከ ጥቅምት አጋማሽ ቢጠናቀቅ፣ የመጀመሪያው የዳኞች ጉብኝት በጥር መጨረሻ፣ ሁለተኛው ከየካቲት በኋላ ሊሆን ይችላል። የዝግጅት ክፍላችሁ ይህን ሐሳብ አትሞ፣ የሚስማሙም የሚቃወሙም አንባቢያን አስተያየታቸውን እንዲልኩ ቢጋብዝ፣ በተለይም ከሐይቅ ከተማና ከተሁለደሬ የሚኖሩ ሰዎች ስለ ደንቡ የሚሉትን ብንሰማ፣ የመመዘኛውን ረቂቅ አዘጋጅቼ በጋዜጣችሁ በኩል ለማቅረብ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ የባዮሎጂ መምህር፣ ከደሴ